እናቴ ድራማ የምታየው በጆሮዋ ነው

እናቴ የመንዝ ሰው ናት። መሐል ሜዳ አካባቢ ተወልዳ አደገች፣ ከትዳር በኋላ ደብረ ብርሃን ገባች። ማታ ማታ ሳሎን ስንቀመጥ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊቷ ነው። እሷ ግን ብዙም አታየውም። እጇ ላይ እንዝርት አለ። የበግ ጠጉር ትፈትላለች። አገር ቤት ባና የሚሠራ ዘመድ አለን፣ ፈትሉ ለእሱ ይላካል። ዓይኗን ካነሳች ክሩ ወይ ይቀጥንና ይበጠሳል፣ ወይ ይወፍርና ይበላሻል። ስለዚህ ዓይኗ እጇ ላይ ነው። ጆሮዋ ግን ድራማው ውስጥ ነው።

አንድ ማታ ወደ አማርኛ የተመለሰ የቱርክ ድራማ ከፍተን ነበር። ከዋነኞቹ ሰዎች አንዱ ገና ሁለት ቃል ሲናገር እንዝርቷን አቆመች።

«ይኼ ሰውዬ ታሟል እንዴ?»

ቀና ብዬ አየሁት። ፊቱ ያው ነው። ኮቱም ያው ነው። ምንም የተለየ ነገር አላየሁበትም። ቆይቶ ነው የገባኝ። ድምፁን የሚሰጠው ተዋናይ ተቀይሯል። እኔ ሰውዬውን ከአንድ ቀን በፊትም በአዲሱ ድምፅ አይቼው ነበር፤ ልብ አላልኩም። እሷ በሁለት ቃል ነቃችበት።

ከዚያ ወዲህ ስለ ፊልምና ስለ ድራማ ሲወራ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ታሪኩ ይነሳል፣ ትወናው ይነሳል፣ ካሜራው ይነሳል፣ ባህሉ ይነሳል። የድምፁን ነገር ግን ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎታል። እኔ የፊልም ባለሙያ አይደለሁም። ቤቷ ቁጭ ብላ የምታይ ተመልካች ነኝ። ግን እንደማየው ከሆነ፣ ቤት ውስጥ አንድ ድራማ የሚወደደውም የሚጣለውም መጀመሪያ በጆሮ ነው። የውጭ ድራማ ሳሎናችንን የያዘበት ትልቁ ምክንያትም እዚሁ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ሲኒማ ቤት ሌላ ነው። መብራት ይጠፋል፣ ሰው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራል፣ ሌላ የሚሠራ ነገር የለም። ቤት ግን እንዲህ አይደለም። አንዷ ቡና ትቆላለች፣ አንዷ ሽንኩርት ትከትፋለች። ልጅ ታጠባለች፣ ልብስ ትተኩሳለች። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ከሰሉ ላይ አቀርቅሮ ነው የሚቀመጠው። ቴሌቪዥኑ ያወራል፣ ሰው እሳት ይሞቃል። ዓይን ቀና የሚለው ጆሮ ሲጠራው ነው።

ይህ አመል ደግሞ ከቴሌቪዥን በፊት የመጣ ነው። ቴሌቪዥን ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፣ ያውም በጥቁርና ነጭ። ቀለም የመጣው በ1977 ዓ.ም. ነው። እናቴ ልጅ በነበረችበት የመንዝ ቤት ግን ጥቁርና ነጩም አልነበረም። ሬዲዮ ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ጎረቤት ሁሉ አንድ ቤት ይሰበሰብ እንደነበር ትነግረኛለች። አንድ ሰው ነው የሚያነበው። ግን ፊታውራሪው ሲናገሩ ሌላ ሰው፣ ሰብለወንጌል ስትናገር ሌላ ሰው ነው። እናቴ መጽሐፉን አንብባው አታውቅም። ጉዱ ካሣን ግን በድምፁ ታውቀዋለች። ዛሬም መንገድ ላይ ብትሰማው የምትለየው ይመስለኛል።

በኋላም ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. «የቀን ቅኝት» የሚባል የሬዲዮ ድራማ ነበር። 257 ክፍል ነው የሄደው። ምስል የለው፣ ምን የለው፤ ሰው ግን ሰዓቱን ጠብቆ ይከፍታል። እንዲህ ያለ ጆሮ ይዞ ነው ሕዝባችን ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠው። ይህን ያወቀ ድራማ ሠሪ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

አሁን ወደ ትርጉም ድራማው ልምጣ። የውጭ ድራማ ወደ አማርኛ እየመለሰ የሚያሳየው ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር የነበረውን ጫጫታ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች ቅሬታ አሰሙ። ባህላችን ተወረረ፣ ሥራችን ተነጠቀ ተባለ። የሥራው ስጋት ይገባኛል፣ የእንጀራ ጉዳይ ነው። «ሕዝቡ የራሱን ንቆ የሰው ወደደ» የሚለው ግን እኛን አይገልጸንም። እናቴ ኢስታንቡልን አትመኝም። የቱርኮቹ ቤትም ሆነ መኪና አንድም ቀን አስደንቋት አያውቅም። የያዛት ነገር ሌላ ነው። እያንዳንዷ ቃል ጥርት ብላ ትሰማታለች።

ከዚያ በፊት ቤታችን የነበረውን አስቡት። ዲሹ የዓረብ ጣቢያዎች በሚበዙበት ናይልሳት ሳተላይት ላይ ነበር። የእንግሊዝኛ ፊልም እናያለን፣ ከሥሩ የዓረብኛ ጽሑፍ ይሮጣል። እንግሊዝኛው ለእናቴ አይገባትም፣ ዓረብኛውን እኔም አላነበውም። ታሪኩን የምንፈጥረው ከተዋናዮቹ ፊት ነው። «ይኼ ነው የገደለው፣ ተይው፣ ዓይኑን እይው» ትለኝ ነበር። አንዳንዴ ልክ ትሆናለች። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ኢትዮሳት ወደሚባለው ሌላ የሳተላይት መድረክ ሲሄዱ የእኛም ዲሽ ዞረ። ዲሽ የሚሠራው ልጅ «ሌላ ኤልኤንቢ፣ የዲሹን ምልክት መቀበያ፣ ካልጨመራችሁ የዓረቦቹ አይመጡም» አለን። እናቴ «ይቅሩ» አለች። ለነገሩ ለእሷ እነዚያ ፊልሞች ድሮም ድምፅ አልነበራቸውም።

የቱርክ ድራማ ለምን አማርኛ ላይ እንዲህ ተመቸ? ይህን ነገር ብዙ አስቤበታለሁ። መልሱ ሰዋስው ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ቱርክኛ እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። አንድ ሰው «እኔ ልጅሽን…» ብሎ ጀመረ እንበል። ገደልኩት ይሁን አልገደልኩትም ገና አናውቅም። ተዋናዩ ዓይኑን ይሰብራል፣ ምራቁን ይውጣል፣ ከዚያ «አልገደልኩትም» ይላል። ቱርክኛውም አሉታውን ግሱ ላይ ነው የሚሰፋው፣ እንደ እኛው። ስለዚህ የቱርኩ ፊት የሚለወጥበት ቅጽበትና የአማርኛው ግስ የሚወጣበት ቅጽበት አንድ ላይ ይወድቃሉ። ፊትና ቃል አይጣሉም። እንግሊዝኛ ግን «አልገደልኩትም» የሚለውን አስቀድሞ «ልጅሽን» የሚለውን መጨረሻ ላይ ያመጣል። ፊቱ ቀድሞ ይለወጣል፣ የአማርኛው ግስ ዘግይቶ ይደርሳል። ሰሚው ምን እንደሆነ ባያውቅም አንድ ነገር ይጎረብጠዋል። ኮሪያኛና ሕንድኛም ግሳቸው መጨረሻ ላይ ነው። የእነሱም ድራማ አፋችን ላይ ብዙ ሳይቸገር መግባቱ የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም።

ሌላው የአክብሮት ነገር ነው። ቱርኮች ለቅርብ ሰው «ሰን»፣ ለሚከበር ሰው «ሲዝ» ይላሉ። አንተና እርስዎ ማለት ነው። ታላቅ ወንድምን «አቢ»፣ ታላቅ እህትን «አብላ» ብለው ይጠራሉ፣ ዘመድ ያልሆነውንም ጭምር። እኛ ጋሼና እትዬ እንደምንለው። ልጅቷ አለቃዋን እርስዎ ስትለው ቆይታ አንድ ቀን አንተ ካለችው፣ የድራማው ትልቁ ነገር እዚያች ቃል ላይ ነው የሆነው። አማርኛው ያችን ቃል አይጥላትም። እናቴ ከእንዝርቷ ላይ ቀና ሳትል «አሃ፣ አንተ አለችው!» ትላለች። እንግሊዝኛ ለንጉሡም ለውሻውም አንድ ቃል ነው ያለው። ተርጓሚው መገመት አለበት። ወታደሩ ጄኔራሉን አንተ ሲለው የሰማሁበት የትርጉም ፊልም አለ። እናቴ ቴሌቪዥኑን አስጠፋችኝ።

የአሠራሩም ነገር አለ። የውጭ ድራማ ሲሸጥ ጥሩ ሻጭ ንግግሩን ከሌላው ድምፅ ለይቶ ነው የሚያቀርበው። ሙዚቃው፣ የበሩ ኳኳታ፣ የመኪናው ድምፅ፣ ዝናቡ ሁሉ ለብቻው ይመጣል። እዚህ ያለው ተርጓሚ ንግግሩን ያማርኛል፣ ከአፍ እንቅስቃሴው ጋር እንዲገጥም ያሳጥራል ወይ ያስረዝማል። ተዋናዩ በተዘጋች ክፍል ውስጥ ማይክ አፉ ሥር አድርጎ ይናገራል። ከዚያ ሁለቱ ይደባለቃሉ። ንግግሩ ከሙዚቃው በላይ እንዲሆን ማድረግ የሰው ምርጫ ነው፣ ይቻላልም። ሰውዬው ባሕር ዳር ቆሞ፣ ነፋስ እየነፈሰ ቢናገር እንኳ ቃሉ አይጠፋም። ነፋሱና ቃሉ የተቀዱት የተለያየ ቦታ ነዋ።

ይህን ሳውቅ የልጅነቴ አንድ ነገር ተገለጠልኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ቪዲዮ ቤቶች ነበሩ። የህንድና የካራቴ ፊልም በሳንቲም ይታያል። ሳንቲም ያልነበረን ልጆች ከጭቃ ግድግዳው ውጭ ተደርድረን ፊልሙን እንሰማ ነበር። ቋንቋው አይገባንም። ግን ማን እንደሚያለቅስ፣ ማን እንደሚዝት፣ ዘፈኑ መቼ እንደሚመጣ እናውቃለን። ከዚያ የወጡትን ልጆች ጠይቀን የጎደለውን እንሞላለን። ለካ የዚያ ዘመን የህንድ ፊልም አብዛኛው ከቀረፃ በኋላ ተዋናዮቹ ስቱዲዮ ገብተው ድምፃቸውን እንደገና የሚሰጡበት ነበር። ሜዳ ላይ የተቀዳውን ድምፅ አይጠቀሙም ነበር። በግድግዳ ሳይቀር አልፎ ይሰማን የነበረው ለዚህ ነው።

የእኛ ፊልምስ? በዚህ ክረምት አንድ ነገር ሞከርኩ። ቴሌቪዥኑን በነጠላ ሸፈንኩት። እናቴና አንዲት ጎረቤታችን ቡና ላይ ነበሩ። ሦስት ነገር አሰማኋቸው፣ ለእያንዳንዱ አሥር አሥር ደቂቃ ሰጠሁ። ከዚያ ምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

የመጀመሪያው የቱርክ ድራማ ነበር። ሁለቱም ከዚያ በፊት የማያውቁት። ማን የማን ሚስት እንደሆነች፣ ማን እንደዋሸ፣ ገንዘቡ የት እንደተደበቀ ሳይቀር ነገሩኝ። ጎረቤታችን «አሮጊቷ ናት ተንኮለኛዋ» አለች። ልክ ናት።

ሁለተኛው የእኛው ሳምንታዊ አስቂኝ ድራማ ነበር። አንድ ቤት ውስጥ የሚሠራ ነው። እሱም ጥሩ ነበር። ሁለት ሦስት ሰው አንድ ላይ ሲጮኽ ጠፋባቸው እንጂ ቀልዱን አላጡትም። እንዲያውም ከቱርኩ ይልቅ እዚህ ላይ ነው ቡናው እስኪፈስ የሳቁት። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጥርት ብሎ ሲሰማ የራሳችን ቋንቋ የሚያህለው የለም። ለምን ጥርት አለ? አንድ ክፍል ውስጥ ስለሚሠራ ነው። ማይኩ የት እንደሚቆም አንዴ ተስተካክሏል፣ ክፍሉ አይቀየርም።

ሦስተኛው ከዩቲዩብ የከፈትኩት የአማርኛ ፊልም ነው። ስሙን አልጠራም። የመጀመሪያዎቹ አራት ደቂቃዎች ሙዚቃ ነው። እነ እናቴ ጠበቁ። ከዚያ ሁለት ሰዎች ካፌ ውስጥ ማውራት ጀመሩ። ስኒ ይንኳኳል፣ የሆነ ማሽን ያንጓጉራል፣ ውጭ ባጃጅ ያልፋል። ሰዎቹ ከሩቅ፣ ጉድጓድ ውስጥ ሆነው የሚያወሩ ይመስላሉ። ልጅቷ ከባድ ነገር ልትናገር ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ ደግሞ ኪቦርዱ ገባና ዋጣት። እናቴ ነጠላውን እያየች እንዲህ አለች፦

«እነዚህ ሰዎች ለራሳቸው ነው እንዴ የሚያወሩት?»

ነጠላውን አነሳሁት። ምስሉን ብታዩት ልብ ይሰርቃል። ከላይ በድሮን የተነሳ ገደል፣ ጉም፣ የገብስ ማሳ። የእኛን አገር የሚመስል ተራራ። ልጅቷ ጎበዝ ተዋናይ ናት፣ ፊቷ ላይ ሁሉም ነገር አለ። ያን ሁሉ ሥራ አንድ ማይክ በላው። በጣም ነው ያዘንኩት።

ነገሩ የሚበላሸው እንዲህ ነው። ማይክ ከአፍ ሲርቅ ክፍሉን መስማት ይጀምራል። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ባዶ ግድግዳ፣ ሴራሚክ ወለል ድምፅን ይመልሳሉ። ካሜራው ላይ ያለ ማይክ የሚሰማው ካሜራው ከቆመበት ቦታ ነው፤ ዓይናችን በሌንሱ ተስቦ ወደ ልጅቷ ቢጠጋም ጆሯችን እዚያው ሩቅ ቀረ። ለዚህ ነው በረጅም ዘንግ ከራስ በላይ የሚያዘው ማይክ፣ ልብስ ሥር የሚደበቀውም ትንሹ ማይክ ያስፈለጉት። እነዚህን የሚይዝ አንድ ሰው ይፈልጋል። ሥራው መስማት ብቻ የሆነ ሰው። ጄኔሬተር ሲነሳ፣ ውሻ ሲጮኽ፣ ባጃጅ ሲያልፍ «ይደገም» የማለት ሥልጣን ያለው ሰው። ጊዜ ሲያጥርና ብር ሲያልቅ መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው። «ስቱዲዮ ይስተካከላል» ይባላል። ከሩቅ የተቀዳ ድምፅ ግን ስቱዲዮ ገብቶ አይቀርብም። ያለው መፍትሔ ተዋናዩን ጠርቶ እንደገና ማስነገር ነው። ህንዶቹ ያደረጉት፣ ጣሊያኖችም ለአሥርት ዓመታት ያደረጉት ነው። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

የተመልካቹም ቤት አለ። ፊልሙ የሚደባለቀው በጥሩ ማዳመጫ ነው። የሚሰማው ግን በእኛ ቴሌቪዥን ነው። የድሮዎቹ ሆዳሞች ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ ስፒከራቸው ከፊት ነበር። የአሁኖቹ ቀጫጭኖች ድምፃቸውን ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ነው የሚለቁት። እኛ ደግሞ ቡፌ ውስጥ ከተነዋል፣ ከላይ ዳንቴል አልብሰነዋል። ድምፁ ግድግዳ መትቶ፣ ዳንቴል አልፎ ነው የሚደርሰን። እናንተም ቤት እንዲህ ከሆነ ቴሌቪዥኑን ወደ ቡፌው ጫፍ ሳብ አድርጉት፣ ዳንቴሉንም አንሱት። እኔ ይህን ብቻ አድርጌ ብዙ ለውጥ አይቻለሁ።

ስለ ማስታወቂያ ጩኸት አንድ ነገር ልበል። ድራማው ላይ ያለው ሰው ሲያንሾካሹክ እናቴ ድምፅ ጨምሪ ትለኛለች። እጨምራለሁ። ወዲያው ማስታወቂያ ይገባና ቤቱ ይናጋል፣ የተኛ ሕፃን ይነቃል። አሜሪካ ማስታወቂያ ከፕሮግራሙ በላይ እንዳይጮኽ የሚከለክል ሕግ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ አውላለች። የአውሮፓ ብሮድካስተሮች ማኅበርም በ2010 እ.ኤ.አ. የድምፅ መለኪያ አውጥቶላቸዋል። ድምፅን ማመጣጠን ከባድ ቴክኖሎጂ አይደለም። እዚህም ጣቢያዎቹ ዛሬ ቢወስኑ ነገ ይሆናል።

አሁን ደግሞ ከሁሉ በላይ ወደሚያመኝ ነገር ልግባ። የባላገር አነጋገር።

የእኛ ድራማዎችና ፊልሞች ባላገር ሲያመጡ አንድ የታወቀ አነጋገር አላቸው። ጩኸት ይበዛዋል። ቃሉ ይጎተታል፣ አፉ ይጣመማል። ሰውዬው ከተማ ገብቶ ፎቅ ሲያይ አፉን ይከፍታል። ከየት አገር እንደመጣ አይታወቅም። የጎጃም ነው? የጎንደር? የወሎ? የሸዋ? የቋንቋ አጥኚዎች የአማርኛን ዘዬዎች ሲዘረዝሩ የጎንደር፣ የጎጃም፣ የወሎ፣ የመንዝና የአዲስ አበባ ብለው ለይተው ያስቀምጣሉ። ድራማው ውስጥ ግን ያለው ሁለት ነው፤ የአዲስ አበባና «የባላገር»። እናቴ አንዱን ሰምታ «ይኼ ደግሞ የየት አገር ባላገር ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

አጎቴ መንዝ ውስጥ ሽማግሌ ነው። ሰው ያስታርቃል። በርኖሱን ደርቦ፣ በትሩን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ይቀመጣል። ሲቆጣ አይጮኽም። ድምፁ ዝቅ ይላል። በጣም ሲቆጣ በጣም ዝቅ ይላል፤ ሰው ሁሉ ለመስማት ወደፊት ያዘነብላል፣ ሳል እንኳ ይያዛል። አንድ ጊዜ በመሬት የተጣሉ ወንድማማቾች ፊት ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆይቶ «እንግዲህ እናታችሁም ይኼን ሰማች» ብቻ አለ። እናታቸው ሞታ ነበር። ታናሽየው ተነስቶ የታላቁ እግር ላይ ወደቀ። እንዲህ ያለ ሰው በቴሌቪዥን አይቼ አላውቅም። በቴሌቪዥን ያለው ሽማግሌ በትር እየወዘወዘ ይጮኻል፣ ሰውም ይስቅበታል።

ልጆቻችን ይህን እየሰሙ ነው የሚያድጉት። የእህቴ ልጅ ከአያቷ አፍ የመንዝ ቃል ሲያመልጥ «እንደ ድራማው አወራሽ» ብላ ሳቀች። እናቴም አብራት ሳቀች። በኋላ ግን እንግዳ ሲመጣ ቃሏን ስትመርጥ አየኋት።

በዚህ በኩል የትርጉም ድራማውም ንጹሕ አይደለም። ቱርክ ውስጥ የጥቁር ባሕር ሰው ሌላ ዘዬ አለው፣ የምሥራቁም ሌላ። አማርኛው ላይ ሲመጡ እረኛውም ጠበቃውም የአዲስ አበባ ልጅ ይሆናሉ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አሮጊት ያለ ምሳሌ፣ ያለ ምርቃት፣ ያለ እርግማን ያወራሉ። አገራችን ውስጥ እንዲህ የሚያወሩ አሮጊት የሉም። ጥቂት ድምፆችም ናቸው የሚዞሩት። እናቴ «ይኼ እኮ እዚያኛው ላይ ዳኛ ነው» እያለች ግራ ትጋባለች። ግን ቢያንስ ማንም ላይ አያሾፍም። ለአጎቴ ወገን ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ሌላ ሰው አለ ላነሳው የምፈልገው። በፊልም ላይ ሆኖ «አሁን ሽጉጡን አወጣ፣ ልጅቷ ግን አላየችውም» እያለ ብቻውን የሚተርከው የትርጉም ፊልም ተራኪ። የተማረው ሰው ይንቀዋል። ፊልሙን አበላሸው ይላል። እኔም ድሮ እንዲሁ ነበርኩ። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ጎረቤታችን ያሉ መሪጌታ ናቸው። ዓይናቸው አያይም። እሑድ እሑድ ቡና ሊጠጡ ይመጣሉ። ድራማ ሲከፈት ሁሉንም ይከታተላሉ፤ ሙዚቃ ብቻ ሲሆን ግን «አሁን ማን ገባ?» ይላሉ። አንዳችን እንነግራቸዋለን። ያን ተራኪ የከፈትን ቀን አንድም ጥያቄ አልጠየቁም። ሲያልቅ «ይኼ ልጅ አስተዋይ ነው» አሉ። በሌላው ዓለም ለዓይነ ስውራን ተመልካቾች የሚሠራ የምስል ትረካ አለ። በንግግሮቹ መሀል ባለው ክፍተት የሚታየውን ነገር በአጭሩ የሚናገር ድምፅ ነው። የእኛው ተራኪ ለዚያ ብሎ አልጀመረውም። ግን መሪጌታ ቤታችን ፊልም ሙሉውን «ያዩት» በእሱ ነው።

ፊልም ለምትሠሩ የምለው ይኼንን ነው። ድሮኑ ይቅርና በብሩ ድምፅ የሚይዝ ሰው ቅጠሩ። ሥራችሁን ከመልቀቃችሁ በፊት አንድ ቤት ውሰዱት፣ ቴሌቪዥኑን ሸፍኑትና እንጀራ የምትጋግር ሴት ትስማው። ባላገር ስታመጡ ከየትኛው ወረዳ እንደሆነ ወስኑ። ከዚያ ወረዳ አንድ እናት አምጡና ጽሑፉን አንብቡላት። እሷ የሳቀችበትን አቆዩ፣ ያፈረችበትን ሰርዙ።

ባለፈው ሐምሌ አንድ ማታ፣ ወራት የተከታተልነው ድራማ ሊያልቅ ነበር። እናቴ ለወትሮው የማታደርገውን አደረገች፤ እንዝርቷን መሶቡ ላይ አስቀመጠች። ባልና ሚስቱ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሚስትየው አፏን ስትከፍት በረዶው መጣ። የእኛ በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ጎን ለጎን የተቀመጠ ሰው አይደማመጥም። ድምፁን እስከ መጨረሻ ጨመርኩት፣ ምንም የለም። እናቴ ዓይኗን ቴሌቪዥኑ ላይ ተክላ ዝም ብላ አየች። በረዶው ሲያባራ ድራማው አልቆ ስሞች እየወጡ ነበር።

«ምን አለችው?» አለችኝ።

«አልሰማሁም እማዬ።»

«አንቺ ዓይንሽ እዚያው ላይ አልነበረም?»

ያየሁትን ነገርኳት። አለቀሰች፣ ቀለበቱን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ እሱም ተነስቶ ወጣ።

«እሱንማ እኔም አየሁት» አለች። «ምን አለችው ነው የምልሽ።»